ማታ መላእክት፣ ቀን ማን ነበር?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሁለት ደቂቃ ምናምን ነው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ በድሮን ተቀርጿል፣ ከስር የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ፣ ከዛ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣና "ይህን የሰው ልጅ ሊሠራው አይችልም" ይላል፣ ከዛ ሌዘር፣ ከዛ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቴምፕላር የሚባሉት የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ ከቪዲዮው ስር "ጋሼ እየው፣ የኛ ላሊበላ እኮ ነው" ብሎ ጽፏል። ኮርቷል። እኔ ግን መልስ ልጽፍለት ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ፣ ኩራቱን መስበር አልፈለግኩም፣ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያ ድምፅ "አይችልም" ያለው ሰው የአባቴ የሙያ ባልደረባ ነው።

አባዬ ድንጋይ ጠራቢ ነው። አሁን ጉልበቱ አልፈቅድ ብሎት አቁሟል እንጂ 40 ዓመት ገደማ በመሮና በመዶሻ ነው ያሳደገን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አጥርና ስንት የቤት መሠረት ላይ እጁ አለበት። ስለዚህ እኔ ስለ ላሊበላ የማውቀው ነገር ግማሹ ካነበብኩት ነው፣ ግማሹ ግን ከሱ እጅ ነው የመጣው። ትንሽ ረጅም ይሆናልና ታገሱኝ።

ከሱ በፊት ግን አያቴ። የእናቴ እናት የወሎ ሰው ነበረች፣ ልጅ እያለች ከእናቷ ጋር ለገና በእግሯ ላሊበላ ሄዳለች፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ተይዞ፣ ሌሊት በየሰው ደጅ እየታደረ። የመንገዱን ነገር ስታወራ አንዳንዴ ታሳጥረዋለች አንዳንዴ ታስረዝመዋለች፣ የማይለወጠው የመላእክቱ ታሪክ ነበር። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ብላ ስሙን አወጣችለት። ሲያድግ ከገዛ ቤተሰቡ ተቀናበትና መርዝ ተሰጠው፣ ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ተኛ፣ በዛች ሦስት ቀን ውስጥ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ አሳዩት፣ ያየኸውን በምድር ሥራው ተባለ። እዚህ ጋ ስትደርስ አያቴ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። "ቀን ሰው ይፈለፍላል፣ ማታ መላእክት ይቀበሉታል። ሰዎቹ አንድ ክንድ ትተው ሄደው ጠዋት ሲመለሱ አራት ክንድ ሆኖ ያገኙታል።" እኛ ልጆቹ ደግሞ እዛች ማታ ላይ ነበር ልባችን የሚቀረው፣ በጨለማ የሚሠሩ መላእክት፣ የክንፋቸው ድምፅ፣ መሮው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ያለ ሰው።

ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የመጀመሪያው ግማሽ የተሰማኝ። ቀን ሰው ይፈለፍላል። አያቴ ሁሌም ትለው ነበር፣ መጀመሪያ እሱን ነበር የምትለው። መላእክቱ የሚመጡት ሰው አንዷን ክንድ ከሠራ በኋላ ነው፣ የሚቀጥሉትም ሰው ጀምሮ የተወውን ነው። የተጀመረ ከሌለ እነሱም የሚቀበሉት የለም። ታዲያ አፈ ታሪክ ነው ብለን በአንድ ከረጢት የምንከታቸው ነገሮች አንድ አይደሉም እላለሁ። የአያቴ ታሪክ ሠራተኛውን ሥራው ላይ ትቶት በላዩ ላይ ሰማይን ጨመረለት። ያ ቪዲዮ ግን ሠራተኛውን ከቦታው አስነስቶ በሱ ፋንታ ሌላ ሰው ያስቀምጣል።

ደግሞ እኮ ገድሉም ከአያቴ ጋር ነው። ገድለ ላሊበላ ውስጥ ንጉሡ ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ ያደረገው የብረት መሣሪያ በብዛት ማሠራት ነው፣ ለመፈልፈያ፣ ለመጥረቢያ፣ በየዓይነቱ። ለሠራተኞቹም ደመወዝ ይከፍላቸው ነበር ይላል። መላእክት የሚመላለሱበት መጽሐፍ ስለ ብረትና ስለ ደመወዝ ቆም ብሎ ያወራል። እኔ ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂሳቡን ለመቀበል በየሳይቱ በር ላይ ሲቆም ስለማስታውስ ይሆናል። ስንቱ አሠሪ "ሰኞ ና" እያለ መልሶታል፣ አንዱ ጭራሽ ጨርሶ አልከፈለውም። ከ800 ዓመት በፊት የነበረ ጠራቢ ግን ደመወዙ ተጽፎለት ቀርቷል።

ከኮቪድ በፊት በነበረው ገና አባዬን ይዤው ሄድኩ። በደሴ አድርገን ወልዲያ አደርን፣ በማግስቱ በጋሸና ዞረን ገባን፣ መንገዱን ሙሉ ዝም እንዳለ ነበር። የገና ሌሊት ያው የምታውቁት ነው፣ ነጭ በነጭ፣ ጧፍ፣ እግር የሚረገጥበት የለም። ጠዋት ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ በሚባለው ቦታ ላይና ታች ሆነው ቤዛ ኩሉን ሲያዜሙ እኔ ስልኬን አውጥቼ እቀርጻለሁ፣ አባዬ ግን ከሰውም ከካህናቱም አልፎ ግድግዳውን ነው የሚያየው።

ሕዝቡ ቀለል ሲል ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ወረድን። የሚወረደው በተፈለፈለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ግራና ቀኙ ቀይ ድንጋይ፣ ከላይ ቀጭን ሰማይ። መሃል ላይ አባዬ ቆመ። ነጠላውን ትከሻው ላይ መለሰና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ እንደ ሐኪም። ቀስ እያለ ወደ ጎን ጎተተው፣ መለሰው፣ እንደገና ጎተተው።

"ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነው" አለኝ።

ከፊታችን የነበረው ዲያቆን ድንግጥ ብሎ ዞረ፣ እዛ አገር ግራኝ የሚለው ስም የሚያስታውሰው ሌላ ነውና። አባዬ ገብቶት ይቅርታ ጠየቀውና እጁን ይዞ ግድግዳው ላይ አደረገለት፣ ከዛ የኔን። የመሮው ምልክት እዛው አለ፣ የጣት ስፋት ያላቸው የተጋደሙ መስመሮች፣ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ። "ቀኝ እጁ የሆነ ሰው መዶሻውን በቀኝ፣ መሮውን በግራ ይይዛል፣ ምልክቱ ወደዚህ ነው የሚተኛው" አለና በአየር ላይ አሳየን። "ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ተኝቷል።" ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደና "እዚህ ጋ ሌላ ሰው ተቀብሎታል" አለ። እውነቱን ነው፣ መስመሩ እዛ ጋ ይታጠፋል፣ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ላይ ትንሽ ከፍ ያለች ጠርዝ አለች፣ በጥፍር ትያዛለች።

ከዛ የነገረኝ ነገር ነው እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ጠራቢ ቀኝ እጁ ከሆነና ግድግዳው በቀኙ በኩል ከመጣበት መዶሻው የሚወዛወዝበት ቦታ ያጣል፣ ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ይታፈናል። ግራኝ ግን እዛ ጋ ነፃ ነው። "እኛም ሳይት ላይ አንድ ግራኝ ልጅ ነበረን፣ ማዕዘን የሱ ነው፣ ማዕዘን ሲደርስ ሁላችንም ተጣሩለት እንላለን።" ያቺ የዳሰስናት ግድግዳ መጨረሻዋ ማዕዘን ነው። በቃ ሰውዬው ታየኝ። ከሌላ ሥራ ላይ "ና ማዕዘን ደርሰናል" ተብሎ ተጠርቶ የመጣ ሰው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ተለጥፎ፣ ፊቱ ላይ አቧራ።

ትንሽ ወረድ ብሎ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ የሚባሉት ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። ለሁሉም ሠርተህ ለኔ ብቻ ቀረህ ወይ ብሎ ሰማዕቱ በፈረስ መጥቶ ንጉሡን እንደጠየቀው፣ ንጉሡም ካንተ የበለጠ አልሠራም ብሎ ይሄን ቤት እንደሠራለት ነው የሚነገረው። አባዬ የኮቴውን ምልክት ተሳለመ፣ ግንባሩን አስነካ፣ አለቀሰም። የመሮውን ምልክት የዳሰሰበት እጅና ኮቴውን የተሳለመበት እጅ አንድ እጅ ነው፣ ሁለቱ ተጋጩብኝ ብሎም አያውቅም።

ታች ደርሰን ሕንፃውን ስንዞር "ጣሪያውን ነው መጀመሪያ የጨረሱት" አለ። ይሄን ብዙ ሰው አንብቦታል፣ ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው ይባላል፣ ግን ትርጉሙ ከጠራቢ አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። "ግንብ ስትሠራ ከተሳሳትክ ታፈርሰዋለህ፣ ድንጋዩን ትቀይረዋለህ፣ ሲሚንቶ ትለጥፋለህ። እዚህ አንድ ጠርዝ ከወደቀብህ ማን ይመልስልሃል? ሁሉም ድንጋይ አንድ ድንጋይ ነው።" ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው አንዱ ባንዱ ውስጥ የገባ ሦስት መስቀል መጀመሪያ ነው የወጣው፣ ከዛ ያ ቅርፅ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ የሚለካ ሰው አለ፣ ቱንቢ የሚጥል ሰው አለ። ከዛ ደግሞ በመስኮትና በበር ገብተው ውስጡን አወጡት። ቪዲዮው ላይ ያ ድምፅ "ግራናይት" ብሏል፣ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ ድንጋይ ነው፣ እንደ ጥቁር ድንጋይ መሮ የሚያጥፍ ሳይሆን ለብረት እሺ የሚል። አባዬም "ደግ ድንጋይ ነው" ብሎታል። ደግ ስለሆነም ነው ዛሬ ውሃና ጊዜ እየሰነጠቀው ያለው፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተደረገው ለዛ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቪዲዮውም አባዬም እኩል ጠይቀውታል፣ የወጣው ድንጋይ የት ሄደ? ቪዲዮው ላይ ጥያቄው ምስጢር ነው፣ ሌዘሩ አትንኖታል ለማለት። አባዬ የጠየቀው ግን በስንት አህያ፣ በስንት ቅርጫት፣ ማን ተሸከመው ለማለት ነው። መልሱ አለ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከፍልፈላው የወጣውን ፍርስራሽ ክምር እዛው አጠገብ አግኝተው ንብርብሩን አጥንተዋል፣ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ሥራውም ባንድ ጊዜ ተጀምሮ ያለቀ አይደለም፣ የተዘጋ በር አለ፣ በኋላ የተከፈተ በር አለ፣ ዝቅ የተደረገ ወለል አለ። ዴቪድ ፊሊፕሰን የሚባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት እንደውም ጥንታዊ የሚላቸውን ክፍሎች ከንጉሥ ላሊበላ ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ ይወስዳቸዋል። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ከንጉሡ ሊቀሙት ነው ብሎ ይቆጣል፣ እኔ ግን አልቆጣም፣ ትውልድ ለትውልድ ሲቀባበል ነው የሚታየኝ፣ ልክ እንደዛች ጠርዝ፣ "እዚህ ጋ ሌላ ሰው ተቀብሎታል"።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ ጽፏል፣ መጽሐፉ በ1540 ታትሟል። ያየውን ሲጽፍ አገሬ ሰው አያምነኝም ብሎ ፈርቶ ሁሉም እውነት ነው ብሎ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን እዛው ገጽ አካባቢ ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና የሠሩትም ነጮች እንደሆኑ ነገሩኝ ይላል፣ የአገሬው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይችል ራሱ ያውቃልና ብሎ ይጨምራል። እንግዲህ "አይችልም" የምትለዋ ቃል ቲክቶክ አልወለዳትም፣ 500 ዓመቷ ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ በብዙ ቋንቋ የተነበበ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቴምፕላሮቹን አመጣ፣ ላሊበላ ኢየሩሳሌም በስደት ነበር፣ እነሱን እዛ ተዋወቀ፣ ይዟቸው መጣ፣ እነሱ ሠሩለት የሚል ግምት። ጎብኚው አንብቦት ይመጣል፣ አስጎብኚው ከጎብኚው ይሰማል፣ ከአስጎብኚው ደግሞ የእህቴ ልጅ።

ኢየሩሳሌም በልባቸው እንደነበረች ማንም አይክድም፣ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ ቤቱን ጎልጎታ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ1187 በሳላዲን እጅ የገባችውም በዛው ዘመን ነው። ግን ቤተ አማኑኤል ፊት ለፊት ቁሙና እዩት። ግድግዳው ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ እያለ ነው የሚሄደው፣ በበርና በመስኮቱ ጥግ ላይ ደግሞ የግንድ ጫፍ የመሰሉ አራት ማዕዘን ጉብታዎች ይወጣሉ። ይሄ የአክሱም ግንብ ነው። አክሱሞች ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ነበር የሚገነቡት፣ ግንዱ ግድግዳውን ለማሰር ይገባና ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ደብረ ዳሞ ላይ አለ፣ ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ እንጨቱ ራሱ እስከዛሬ ቆሟል። ቤተ አማኑኤል ላይ ግን እንጨት የለም፣ አያስፈልግም፣ አንድ ወጥ ድንጋይ ምን መታሰር ያሻዋል። ያም ሆኖ ጠራቢው የአያቶቹ ቤት እንዲህ ነበር ብሎ ምንም የማይሸከሙትን የግንድ ጫፎች ከድንጋይ አወጣቸው። ከፈረንሳይ የመጣ ባላባት ይሄን ከየት ያውቀዋል? ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከመቶ የሚበልጡ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ እንደ አብርሃ ወአጽብሐ ያሉት ቴምፕላሮቹ እ.ኤ.አ. በ1119 ገደማ ከመቋቋማቸው በፊት የነበሩ ናቸው። እዛው ላሊበላ ውስጥ የንጉሡ ስም በግዕዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መናብርተ ታቦት አሉ። በግዕዝ።

ይሄ በኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ዚምባብዌ ውስጥ ታላቋ ዚምባብዌ የምትባል ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በጥርብ ድንጋይ የተካበች ከተማ አለች፣ የሾና ሕዝብ አያቶች ናቸው የሠሯት። እ.ኤ.አ. በ1871 ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ ደረሰና ከበር መቃን ላይ እንጨት ቆርጦ አየው፣ እንደ እርሳሱ ይሸታል፣ እርሳሱ የሴዳር እንጨት ነው፣ ሴዳር ደግሞ የሊባኖስ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ቤት የንግሥተ ሳባ ነው አለ። በእርሳስ ሽታ! በኋላ በ1929 ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የምትባል አርኪዮሎጂስት ቆፍራ የአፍሪካውያን ሥራ ነው ብላ አረጋገጠች፣ ያኔ ሮዴዥያ ትባል የነበረችው የዛችው አገር የነጮች መንግሥት ግን ከዛም በኋላ እውነቱ እንዳይነገር ሲጫን ኖሯል፣ ለምን ቢባል ሠራተኛው ከታወቀ ባለቤቱም ይታወቃላ። እኛ ንግሥተ ሳባን የኛ ናት እንላለን፣ እኔም እላለሁ፣ ግን በሷ ስም የሾናን ጠራቢ ድካም መውሰድ ነውር ነው።

ግብፅም ያው ነው፣ ፒራሚድ ሲባል ፍጡራኑ የማይጠሩበት ቀን የለም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጃርፍ ላይ በተገኘው ፓፒረስ ግን መረር የሚባል የሠራተኛ አለቃ ከቱራ ድንጋይ ጭኖ በጀልባ ወደ ጊዛ እንዴት እንደተመላለሰ ቀን በቀን ጽፎታል፣ በንጉሥ ኩፉ ዘመን፣ ለታላቁ ፒራሚድ። ስሙን ብቻ ያዙልኝ፣ መረር።

አክሱምን ሳልነካ ባልፍ ቅር ይለኛል። እዛም ሐውልቶቹን ያቆማቸው የታቦቱ ኃይል ነው ይባላል፣ የወደቀው ትልቁ ከ500 ቶን በላይ ነው የሚባለው፣ ሲታይ ሰው እንደዛ ቢል አይገርምም። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 የወሰዱት 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት በ2005 ሲመለስ ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ነው የመጣው፣ የቆመው በ2008 ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ጎቦ ዱራ የሚባል ቦታ ድንጋዩ የወጣበት አለ፣ ድንጋዩ ላይ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሽብልቅ የሚገባባቸው። ፎቶውን ለአባዬ ሳሳየው መነጽሩን እንኳን አላደረገም። "ይሄማ እኛም እንዲሁ ነው የምንሰነጥቀው፣ ይሄኛው መስመር ሳይጨርሱት ነው የሄዱት" አለ። ምን አስቆማቸው ብሎ ደግሞ ሲያስብ አመሸ።

ለልጁ ያን ቀን ማታ የጻፍኩለት ይሄን ሁሉ አይደለም። የመተላለፊያውን ግድግዳ ፎቶ ላኩለትና "መስመሮቹ ወደየት እንደተኙ አይተህ ንገረኝ" አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዛ ደወለ፣ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ስሙ ማነው?" አለኝ። የግራኙን ነው። ስሙን የጻፈልን የለም አልኩት። ደስ አላለውም።

እሁድ አባዬ ጋ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስለ ግራኙ ጠየቀው። አባዬ አልመለሰለትም፣ ከአልጋው ስር የመሣሪያ ሳጥኑን አስወጣውና ግቢ ውስጥ ከተረፈ ጥርብ ድንጋይ አንዱን ጭኑ መሃል አስቀመጠለት። መጀመሪያ በቀኝህ አለው። ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ መታ። አሁን አገላብጥና በግራህ አለው። መዶሻው እየተንሸራተተበት፣ አንዴ አውራ ጣቱን እያገኘው፣ ሌላ አምስት ስድስት ጊዜ መታ። ከዛ አባዬ አቧራውን በእጁ ጠረገለትና ድንጋዩን ወደ ፀሐይ አዘነበለው፣ ልጁም ጎንበስ ብሎ በጣቱ መስመሮቹን መከተል ጀመረ።